ሁለተኛ ብስክሌት ወይስ ሁለተኛ ጎማ?

በዚህ ወር ስለ ብስክሌት ከጻፉልን አንባቢዎች መካከል አራቱ፣ የሚኖሩበት ከተማም ሆነ ያጋጠማቸው ነገር ቢለያይም፣ ጥያቄያቸው የሚያጠነጥነው በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ለተለያየ አነዳድ የተለያየ ብስክሌት መያዝ ምን ያህል ያስፈልጋል የሚል ነው። ስለዚህ መልሶቹን በአንድነት አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ «ያገለገለ ባለ 26 ማውንቴን ብስክሌት አለኝ፤ ከአያት ወደ ካዛንቺስ ለሥራ የምመላለሰው በእርሱ ነው። እሑድ እሑድ ከጓደኞቼ ጋር በለገጣፎ በኩል ወደ ሰንዳፋ ስንወጣ ግን ሁሉም የሚነዱት ኮርስ (ቀጭን ጎማ ያለው የአስፋልት ብስክሌት) ስለሆነ ሁልጊዜ ከኋላ እቀራለሁ። እነርሱ ኮርስ እንድገዛ ይመክሩኛል፤ ከመካከላቸው አንዱማ ሦስት ብስክሌት አለው። ባለቤቴ በበኩሏ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሁለተኛው ብስክሌት የት ሊቆም ነው ትላለች። ለመሆኑ ለአንድ ሰው ስንት ብስክሌት ይበቃዋል?» ጠያቂ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በብስክሌተኞች ዘንድ አንድ የቆየ ቀልድ አለ፤ ለአንድ ሰው የሚያስፈልገው የብስክሌት ብዛት አሁን ባለው ላይ አንድ ሲደመርበት ነው ይላሉ። ቀልዱ ሰፊ ግቢ ላለው ሰው ይስማማ ይሆናል፤ ባለቤትዎ ያነሡት የቦታ ጥያቄ ግን በቀልድ የሚታለፍ አይደለም።

ከቁጥሩ በፊት ብስክሌቶች እርስ በርሳቸው በምን እንደሚለያዩ ማየት ይጠቅማል። ዋናዎቹ ልዩነቶች ሦስት ናቸው፤ እነርሱም ፍሬሙ የሚያስገባው የጎማ ስፋት፣ የማርሹ ዓይነት፣ እንዲሁም ነጂው በላዩ ላይ የሚይዘው የሰውነት አቀማመጥ ናቸው። ጎማና ማርሽ በመጠኑም ቢሆን ሊቀየሩ ይችላሉ። አቀማመጡ ግን ከፍሬሙ ቅርጽ ጋር ተሠርቶ የመጣ ስለሆነ መሪውን ትንሽ ዝቅ ከማድረግ በቀር ብዙ የሚደረግለት ነገር የለም። እርስዎን ከጓደኞችዎ ኋላ የሚያስቀርዎት ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ሳይለይ አዲስ ብስክሌት መግዛት፣ ሕመሙ ሳይመረመር መድኃኒት እንደ መግዛት ነው።

ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚያማው ማርሹን ነው፤ ይሁን እንጂ ቀላል ስሌት ማርሹን ከጥፋተኝነት ነጻ ሊያወጣው ይችላል። የፊቱ ትልቁ ማርሽ 44 ጥርስ፣ የኋላው ትንሹ ደግሞ 11 ጥርስ ካላቸው፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላው ጎማ አራት ጊዜ ይዞራል። ባለ 26 ጎማ በአንድ ዙር ከ2 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ርቀት ስለሚሄድ፣ በደቂቃ 90 ጊዜ የሚረግጥ ሰው በሰዓት ወደ 44 ኪሎ ሜትር ይጓዛል ማለት ነው። በሜዳ ላይ እሑድ ጠዋት በዚህ ፍጥነት ለረጅም ጊዜ የሚነዳ አማተር ብዙ አይገኝም። የኋላው ትንሹ ማርሽ 14 ጥርስ ከሆነ ግን፣ በርካሽ ብስክሌቶች ላይ እንደሚታየው፣ በዚያው አረጋገጥ የሚደረሰው ወደ 35 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ያኔ ቅሬታው እውነት አለው። ስለዚህ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ይቁጠሩ፤ ለዚህ የሚወጣ ገንዘብ የለም።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ጎማው ነው፤ እኛም በዋነኛነት የምንጠረጥረው እርሱን ነው። ለጭቃና ለኮረት የተሠራው ጥርሳም ጎማ በአስፋልት ላይ ሲሄድ እያንዳንዱ ጥርስ እየታጠፈና እየተቃና ጉልበት ይበላል፤ የሚሰማው የማንጎራጎር ድምፅም የዚሁ ብክነት ምልክት ነው። ስፋቱ 1.5 ኢንች የሆነ፣ ላዩ ለስላሳ የሆነ ባለ 26 ጎማ ቢያስገጥሙ፣ በጎኑ ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ግፊት ሳያልፉ ጠንከር አድርገው ቢነፉት፣ የፊት ሹካው ሞላ መቆለፊያ ካለው ደግሞ በአስፋልት ላይ ቢቆልፉት፣ ሌላ ብስክሌት የያዙ ያህል ልዩነት ይሰማዎታል። ይኸው ጎማ በየሰፈሩ ባለው ኮብልስቶንም ሆነ ከኮሪደር ልማቱ ጋር በተሠሩት የብስክሌት መስመሮች ላይ ለዕለት ተዕለት ምልልስ በደንብ ያገለግላል። ማውንቴኑን ወደ እንጦጦ ጫካ የመውሰድ ልማድ ካለዎት ጥርሳሙን ጎማ አይጣሉት። እንዲያውም ሁለተኛ ቸርኬ ከነጎማው ማዘጋጀትና እንደ መንገዱ እየቀያየሩ ማሰር በጣም ምቹ ነው፤ የሚፈለገው የሞዞው (የቸርኬው እምብርት) ስፋት፣ የኋላው ማርሽ የረድፍ ብዛትና የፍሬኑ ዓይነት ከመጀመሪያው ጋር አንድ መሆኑ ነው። የኋላ ሞዞ በቆዩ ማውንቴኖች ላይ በአብዛኛው 135 ሚሊ ሜትር፣ በቆዩ ኮርሶች ላይ ደግሞ 130 ሚሊ ሜትር ነው፤ የጓደኛዎን ትርፍ ቸርኬ ተውሰው ለማስገጠም ቢያስቡ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ጎማ በመቀየር የማይፈታው ነው። በሜዳ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነጂ ከጉልበቱ አብዛኛውን የሚያወጣው አየር ለመሰንጠቅ ነው፤ አየሩን በዋነኛነት የሚጋፈጠው ደግሞ የነጂው ደረት እንጂ ብስክሌቱ አይደለም። የአቀማመጥን ተጽዕኖ ከአንድ ሰዓት ክብረ ወሰን ታሪክ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። ቤልጂጋዊው ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 በሜክሲኮ ሲቲ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ነዳ። እንግሊዛዊው ክሪስ ቦርድማን በ1996 ሁለት እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ በተኛበት አነዳድ 56.375 ኪሎ ሜትር ደረሰ። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ከዚያ በኋላ ክብረ ወሰኑ በመርክስ ዘመን ዓይነት ብስክሌትና አቀማመጥ ብቻ እንዲሞከር ሲወስን፣ ያው ቦርድማን በ2000 በተለመደው ቆልማማ መሪ ሞክሮ የነዳው 49.441 ኪሎ ሜትር ነበር፤ መርክስን የበለጠው በ10 ሜትር ብቻ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ሰውየው ዕድሜ መጨመሩ እውነት ነው፤ ወደ ሰባት ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን ልዩነት ግን ዕድሜ ብቻውን አያመጣውም።

ስለዚህ ጎማውን ከቀየሩ በኋላ በሜዳው ላይ ጓደኞችዎ አሁንም የሚርቁ ከሆነና እርስዎም የእሑዱን ጉዞ ከልብ የወደዱት ከሆነ፣ ኮርስ መግዛትዎ ቅንጦት አይሆንም። ክብደቱን ግን ምክንያት አያድርጉት። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 14 ኪሎ በሚመዝን ማውንቴን ላይ 84 ኪሎ፣ 9 ኪሎ በሚመዝን ኮርስ ላይ ደግሞ 79 ኪሎ ይዞ ይወጣል፤ ልዩነቱ 6 በመቶ ያህል ነው፤ አንድ ሰዓት በሚፈጅ ዳገት ላይ የሚተርፈው ከአራት ደቂቃ አይበልጥም። በተቃራኒው ኮርሱ የሚነሣዎት ነገርም አለ። የማውንቴኑ ቀላል ማርሽ፣ ማለትም ፊት 22 ኋላ 32 ጥርስ፣ በኮርስ ላይ አይገኝም፤ በብዙዎቹ ላይ ዝቅተኛው ፊት 34 ኋላ 28 ገደማ ስለሆነ የእንጦጦን ዳገት ከኮርቻው ተነሥቶ መውጣት ግድ ይሆናል።

ሲገዙ 32 ሚሊ ሜትር ጎማ የሚያስገባ ፍሬም ይምረጡ። በ23 ሚሊ ሜትር ጎማ ብቻ የሚሄድ የቆየ ኮርስ በዋጋ ሊያጓጓ ይችላል፤ ነገር ግን ከዋናው መንገድ እስከ ቤትዎ ደጃፍ ያለው ኮብልስቶን በየሳምንቱ ያስመርርዎታል። ማውንቴኑንም አይሽጡት። በመሥሪያ ቤት ግቢ ታስሮ የሚውለው፣ በክረምት ጭቃ የሚገባውና ዕቃ የሚጫንበት እርሱ ነው፤ ሰው ብዙ የማይመኘው ብስክሌት መያዝ ራሱ ከሌባ መከላከያ ነው። ቦታውን በተመለከተ፣ ኮርሱ በፊት ጎማው በኩል በግድግዳ ላይ ቀጥ ብሎ ቢሰቀል ከአንድ ጠባብ ቁም ሣጥን የበለጠ ወለል አይዝም። ለባለቤትዎ የምንሰጠው ቁጥር እንግዲህ ሁለት ነው። ሦስት ብስክሌት ያለው ጓደኛዎ ሦስተኛውን በምን ያህል ጊዜ አንዴ እንደሚያወጣው ቢጠይቁት መልሱ ራሱን ሳያስቀው አይቀርም።

ጥያቄ፦ «ቤታችን ውስጥ አራት ብስክሌት አለ፤ የአባቴ ትልቁ የቆየ ባለ 28፣ የእኔ ባለ 26 ማውንቴን፣ የወንድሜ ባለ 29፣ እንዲሁም በቅርቡ የተገዛ ባለ 700 ኮርስ። ለአንዱ የተገዛው ለሌላው አይሆንም። ለአባቴ 28 የሚል ጎማ ገዝቼ ቸርኬው ላይ አልገባ አለኝ። መለዋወጫ የሚጋሩበት መንገድ የለም?» ጠያቂ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ትልቁን ቁጥር ይተዉትና በጎማው ጎን በትንሹ የተጻፈውን ያንብቡ። «50-559» የሚል ዓይነት ጽሑፍ ያገኛሉ፤ የመጀመሪያው የጎማው ስፋት፣ ሁለተኛው ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ዲያሜትር ነው፤ ሁለቱም በሚሊ ሜትር። ባለ 26 ማውንቴን 559 ነው፤ ባለ 27.5 ደግሞ 584 ነው። ባለ 700 ኮርስና ባለ 29 ማውንቴን ስማቸው ይራራቅ እንጂ ሁለቱም 622 ናቸው። እርስዎን ያሳሳተዎት 28 የሚለው ቁጥር ነው፤ በዛሬ ጎማዎች ላይ 28 ሲባል አብዛኛውን ጊዜ 622 ማለት ሲሆን፣ በአባትዎ ዓይነት የቆዩ ትልልቅ ብስክሌቶች ላይ ግን 28 በ1½ የተባለው 635 ነው። የ13 ሚሊ ሜትር ልዩነት በመግፋት የሚገባ አይደለም፤ ሻጩ «ትንሽ ሲጎተት ይገባል» ቢልዎት አይመኑት።

የውስጥ ጎማ ግን ስለሚለጠጥ ታጋሽ ነው። ስፋቱ ከተቀራረበ የ622 የውስጥ ጎማ በ635ቱ ውስጥ ይሠራል፤ በመንገድ ላይ ለቸገረው ሰው ደግሞ የ559ኙና የ584ቱ እርስ በርስ ይዋዋሳሉ። የወንድምዎ ባለ 29 ጎማ በኮርሱ ቸርኬ ላይ በዲያሜትሩ ልክ ቢሆንም በፍሬሙ መካከል አያልፍም፤ የኮርሱ ቀጭን ጎማም በሰፊው የማውንቴን ቸርኬ ላይ አይመከርም።

በሰንሰለት በኩል የኋላ ማርሻቸው 6፣ 7 ወይም 8 ረድፍ የሆኑ ብስክሌቶች አንድ ዓይነት ሰንሰለት ይጋራሉ፤ ከ9 ጀምሮ ወደ ላይ ሲሄድ ረድፉ እየጠበበ ስለሚመጣ ለእያንዳንዱ የራሱን መግዛት ያስፈልጋል። ማርሽ የሌለው የአባትዎ ብስክሌት ሰንሰለት ከሁሉም ሰፊው ነው። ሌላው መጠንቀቂያ በዘይት የሚሠራ ፍሬን ነው። የሺማኖ ፍሬኖች ማዕድናዊ ዘይት ሲጠቀሙ፣ ከስራም ፍሬኖች ብዙዎቹ ለመኪና ፍሬን የሚሆነውን ዓይነት ፈሳሽ ይጠቀማሉ፤ አንዱን በሌላው ውስጥ መጨመር የውስጡን ላስቲክ አብጦ እንዲበላሽ ያደርገዋል። አምስተኛ የሚገዛ ከሆነ፣ ከቀለሙና ከስሙ በፊት ከአራቱ ከአንዱ ጋር ጎማና ሰንሰለት የሚጋራ መሆኑን ይመልከቱ።

በተጨማሪም ሳይነዳ የሚቆም ብስክሌት ካለ ንፋሱ ወጥቶ በቸርኬው ላይ እንዲተኛ አይተዉት፤ ጎማው በታጠፈበት በኩል ይሰነጠቃል። የባሕር ዳር ፀሐይም ለላስቲክ አትራራም፤ ጥላ ውስጥ ያቁሙት።

ጥያቄ፦ «የምኖረው በዴንቨር፣ ኮሎራዶ ነው። ኮርስ፣ ግራቨል (ኮርስ መሰል ሆኖ ሰፋ ያለ ጎማ ያለው)፣ ፊትና ኋላ ሞላ ያለው ማውንቴን፣ ከእነዚህም ሌላ የኤሌክትሪክ ብስክሌት አለኝ። ለሁለት ወር ወደ አገር ቤት ስመጣ አንዱን ይዤ መምጣት እፈልጋለሁ፤ ጊዜዬን የማሳልፈው በአዲስ አበባና በሐዋሳ ነው። የትኛውን ላምጣ?» ጠያቂ፣ ከአሜሪካ

መልስ፦ የኤሌክትሪኩን ከወዲሁ ይተዉት። በመንገደኛ አውሮፕላን ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ የሊቲየም ባትሪ በሻንጣም ሆነ በእጅ መያዝ የተከለከለ ነው፤ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይበልጣል። ያለ ባትሪው የሚመጣው ከባድ ብረት ብቻ ነው።

ከቀሩት ሦስቱ ግራቨሉን ይምረጡ። ከ40 እስከ 45 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎማ ካለው ኮብልስቶኑንም፣ የተቆፈረውን አስፋልትም፣ የእንጦጦን የጫካ መንገድም ይችላል፤ መሪው ቆልማማ በመሆኑ ሜዳ በሆነው በሐዋሳ ንፋስ ሲነሣ ዝቅ ብሎ ለመንዳት ያመቻል። ባለ ሁለት ሞላው ማውንቴን በእንጦጦ ቁልቁለት ላይ ያስደስት ነበር፤ ነገር ግን ከሁለቱ ወር አብዛኛውን በከተማ መንገድ ላይ ለሚያሳልፍ ሰው ይህ በቂ ምክንያት አይደለም፤ የሞላው መጠገኛ ቢያስፈልግም በቀላሉ አያገኙትም።

አብረውት መምጣት ያለባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። የብስክሌትዎ ቫልቭ ቀጭኑ ፕሬስታ ከሆነ፣ የሰፈር ጎሚስታ የሚነፋበት ቱቦ የተሠራው ለመኪናው ወፍራም ቫልቭ ስለሆነ አይገጥምለትም፤ በላዩ ላይ የምትጠመዘዝ ትንሽ የነሐስ ማገናኛ አለች፤ ሁለት ይዘው ይምጡ፤ አንዷ መጥፋቷ አይቀርም። የጎሚስታው መጭመቂያ የመኪና ጎማ ለመሙላት የተዘጋጀ ኃይል ስላለው ጥቂት በጥቂት እየለቀቀ እንዲነፋ ይንገሩት። ያለ ውስጥ ጎማ፣ በፈሳሽ ማሸጊያ የሚሠራ ጎማ ከሆነ ደግሞ ትርፍ የውስጥ ጎማ አይለይዎት። የኋላ ማርሽ ቀያሪው በፍሬሙ ላይ የሚታሰርባት ትንሽ ብረት ለእያንዳንዱ የፍሬም ዓይነት የተለየች ናት፤ ብስክሌቱ በጉዞ ላይ ሲጋጭ መጀመሪያ የምትጣመመው እርሷ ስለሆነች ትርፍ ያስፈልግዎታል። የፍሬን ሸራም እንዲሁ፤ ከእንጦጦ አናት ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደው ቁልቁለት በአንድ ቀን ብዙ ይበላል።

ዴንቨር በ1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ከባሕር ጠረፍ ከሚመጣ ሰው ይልቅ ሳንባዎ የተዘጋጀ ነው። ሆኖም አዲስ አበባ ከእርሷ በ700 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት በሜዳው ያሳልፉት።

ጥያቄ፦ «ልጄ 17 ዓመቱ ነው፤ በክለብ ታቅፎ በኮርስ ይወዳደራል። ለግል የሰዓት ሙከራ፣ እነርሱ ክሮኖ ለሚሉት፣ የተለየ ብስክሌት ካልተገዛልኝ ይለኛል። አቅሜን አጥብቄ ልግዛለት?» እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እናቴ፣ ለጊዜው አይግዙ። የክሮኖ ብስክሌት ከላይ ስለ አቀማመጥ የተናገርነውን ጥቅም በሙሉ ይሰጣል፤ ነገር ግን በጅምላ መነሻ ባላቸው ውድድሮች ላይ የተከለከለ ስለሆነ በዓመት ውስጥ የሚያገለግለው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፅጋቡ ግርማይ በነበረበት ደረጃ ላሉ ነጂዎች ሁለቱንም ዓይነት ብስክሌት የሚያቀርበው ቡድኑ ነው፤ ከኪሱ የሚገዛ የለም። የልጅዎ ቁመትም ገና ሊጨምር ይችላል፤ ዛሬ ልኩ የሆነው ፍሬም ከዓመት በኋላ ሊያጥረው ይችላል።

በዚህ ፋንታ በኮርሱ መሪ ላይ የሚታሰሩ፣ ክንድ ማሳረፊያ ያላቸው ሁለት ቀንዶች ይገዙለት። ዋጋቸው ከብስክሌቱ ጋር አይወዳደርም። ሲታሰሩ ኮርቻው ትንሽ ወደ ፊት መገፋት ይኖርበታል፤ አለበለዚያ ጭኑ ከሆዱ ጋር እየተጋጨ ትንፋሽ ያጥረዋል። የቀንዶቹ ርዝመትና የኮርቻው አቀማመጥ በውድድር ሕግ የተወሰነ ስለሆነ አሠልጣኙ ከፌዴሬሽኑ የወቅቱን ደንብ ይጠይቅለት። ብስክሌቱን ለማቅለልም ገንዘብ አያውጡ፤ በዓለም አቀፉ ደንብ የውድድር ብስክሌት ከ6.8 ኪሎ ግራም ማነስ አይችልም።

በቀንዶቹ መንዳት በራሱ የሚለመድ ነገር ነው፤ እጁ ከፍሬኑ የራቀ ስለሚሆን ልምምዱን መኪና በማይበዛበት ቀጥተኛ መንገድ ላይ ያድርግ። የጅምላ መነሻ ያለው ውድድር በሚኖርበት ቀን ደግሞ ከዋዜማው ይፍታቸው፤ ከእነርሱ ጋር መነሻው መስመር ላይ ከቆመ ዳኞቹ አያሳልፉትም።